ከቀኝ ወደ ግራ

ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስ ጫፍ ላይ ለበቅሎ ጋጣ ብለው የሠሩት ባለቆርቆሮ አዳራሽ በዚያ ሐምሌ የበሽተኛ ቤት ሆነ። ለመንገድ ሥራ ከየወረዳው የተሰበሰቡት ሰዎች ሰፈር ውስጥ ተስቦ ገብቶ ነበር። በሽታው ከሠራተኛው ወደ ገበያተኛው፣ ከገበያተኛው ወደ ዘበኛው ሲሻገር የጦሩ ሐኪም በቅሎዎቹን አስወጥቶ ሰዎቹን አስገባ። በቅሎ ይታሰርባቸው የነበሩት የብረት ቀለበቶች ግድግዳው ላይ እንዳሉ ቀሩ። አስታማሚዎች ስንቃቸውን ይሰቅሉባቸው ነበር።

አልጋዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ አንዱ ከበሩ ሲገቡ በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ። በመካከላቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መተላለፊያ አለ። በሽተኞቹ እግራቸውን ወደ መተላለፊያው ዘርግተው ስለሚተኙ፣ ከትራሱ ቀና ያለ ሁሉ የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን አንድ ሰው ነው። ሐኪሙ ያን ያደረገው አስቦበት ነው። ሽማግሌን ከሽማግሌ፣ ጎልማሳን ከጎልማሳ፣ የከሳውን ከከሳው ጋር እያመዛዘነ ትይዩ አስተኛቸው። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረም።

ያለምወርቅ ከይጁቤ ወገን ጭቃውን ስትረግጥ ሰንብታ ስትደርስ ባሏን ሙላትን በግራው ረድፍ ተኝቶ አገኘችው። ለመንገድ ሥራ ተወስዶ ገና አካፋ መያዝ ሲጀምር ነበር ትኩሳቱ የጣለው። ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ይፈቀዳል። የገባ አስታማሚ ግን በሽተኛው ድኖ ወይም ሞቶ ሐኪሙ እስኪያሰናብተው ድረስ አይወጣም፤ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ይቆማል። ያለምወርቅ ይህን ከሰማች በኋላ ነው የገባችው።

ከሙላት ፊት ለፊት የተኛው አብዱልቃኒ የሚባል የጉንደ ወይን ነጋዴ ነው። ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ለገበያ እንደመጣ ታመመ። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ሙላት ግን ገና ሠላሳ አምስትም አልሞላው። ነጋዴው በጥላ የኖረ፣ ገበሬው በፀሐይ የከረመ በመሆኑ ፊታቸውን ብቻ ያየ እኩዮች ናቸው ይላል። ሐኪሙም እንደዚያ ብሎ ሳይሆን አይቀርም። የአብዱልቃኒ አስታማሚ ሚስቱ መዲና ናት። ረጋ ያለች፣ ክብሯን የማታስነካ ሴት ናት።

የሐኪሙ ልማድ አይለወጥም። ጠዋት ጠዋት ከአስተርጓሚው ከቢተው ጋር ይገባና ከቀኝ ይጀምራል። ለቀኙ በሽተኛ ቀይ ክኒን ይሰጠዋል። ከዚያ ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ ብብቱ ውስጥ ያስገባል፤ ጥቂት ቆይቶ ያወጣና ወደ መስኮቱ ቀና አድርጎ ያየዋል። ዘንጉ ውስጥ ያለው ብር የመሰለ ክር ወደ ላይ ተስቦ መውጣቱን በአጠገቡ የቆመ ሁሉ ያያል። ከዚያ መተላለፊያውን ተሻግሮ በግራው በሽተኛ ራስጌ ይቆማል። ዘንጉን ራሱ ላይ ደጋግሞ በኃይል ያራግፈዋል። ክሩ ይወርዳል። ያንኑ ዘንግ ጠርጎ ለግራው በሽተኛ ብብት ውስጥ ይከትታል፤ በመጨረሻም ነጭ ክኒን ይሰጠዋል። ቀጥሎ እንደገና ወደ ቀኝ።

ቀዩን የሚውጡት ሰዎች ሽንታቸው ቀላ፤ ላባቸውም ጋቢያቸው ላይ የፈዘዘ ቀይ ምልክት ይተው ጀመር። የግራዎቹ ጋቢ እንደነበረ ነው።

የመጀመሪያው ሬሳ ከግራ ወጣ። ሬሳው በበሩ ሲያልፍ ፊት ለፊቱ ተኝቶ የነበረው ሰው ተነሥቶ ተቀመጠና አጥሚት አምጡልኝ አለ። ሰው ሁሉ ተመስገን አለ። በሌላ ቀን እንዲሁ ሆነ፤ ከግራ አንዱ አረፈ፣ ትይዩው ቀና አለ። በዚያን ጊዜ ተመስገን ያለ አልነበረም።

ከግራው ረድፍ መጨረሻ ወንድማቸውን የሚያስታምሙ መነኩሲት ነበሩ፤ እማሆይ ወለተ ኪዳን ይባላሉ። የዲማ አካባቢ ሰው ናቸው። ሐኪሙ ዘንጉን ሲያራግፍ ብዙ ጠዋት ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው አንድ ቀን፣

«እኔ ጭዳ የማውቀው በዶሮ ነበር» አሉ።

ያለምወርቅ ዞር ብላ አየቻቸው። «እማሆይ ምን ማለትዎ ነው?»

«ዶሮዋን በበሽተኛው ራስ ላይ ያዞሩና ይጥሏታል። በሽታውን ይዛ ትሄዳለች። እዚህ ግን በዘንግ ነው። ከዚያ ይቀዳል፣ እዚህ ይደፋል።»

«እርስዎ መነኩሲት ሆነው በዚህ ያምናሉ?»

«ቤተ ክርስቲያን የምትጠላው ነገር ነው፤ እኔም ስጠላው ኖሬያለሁ። መጥላት ከማየት ያግዳል እንዴ ልጄ?»

ያን ቀን ያለምወርቅ ቢተውን በር ላይ ጠብቃ አገኘችው። ወላጆቹ ጎጃሜ ሆነው እሱ አስመራ ያደገ ሰው ነው። ከኋላው ባንዳ ይሉታል፤ ከፊቱ ደግሞ ሁሉም ወንድሜ ይለዋል።

«ወንድሜ፣ አንድ ቀን ከግራ ቢጀምርስ?» አለችው።

«ምን ሊበጅሽ?»

«አንድ ቀን ብቻ።»

ቢተው ሳቀ። «ቤተ ክርስቲያን የምታስቀድሺ መሰለሽ እንዴ፣ ቀኝና ግራ የምትመርጪው?» ሆኖም ክፉ ሰው ስላልነበረ ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙ ወደ ያለምወርቅ ተመልክቶ ጥቂት አሰበና በለዘበ ድምፅ መለሰ።

«አይሆንም ይላል። ሥርዓቱ ከተዛባ የሚገኘው ነገር አይታመንም ነው የሚለው።»

«የሚገኘው ነገር ምንድን ነው?»

«እሱን ለኔም አልነገረኝም።»

አልጋ ይቀየርልኝ ብላ ጠየቀች፤ አልተፈቀደም። ወደ አገሬ ይዤው ልሂድ ብላ ጠየቀች፤ ዘበኛው ሳይሰማ ጀርባውን ሰጣት። ሙላት እየባሰው ሄደ። ዓይኑን ገልጦ ያያታል፤ የሚያየው ግን እሷን አይደለም። በትኩሳቱ ውስጥ ሲያርስ ይውላል፤ በሬዎቹን ይጠራል፣ ይቆጣቸዋል፣ ደግሞ ያባብላቸዋል። አብዱልቃኒ ፊት ለፊቱ ትራስ ተደግፎ ሾርባ ይጠጣል።

ከአዳራሹ ጀርባ የበሽተኞች ልብስ የሚቀቀልበት በርሜል ተጥዷል። ቅማሉ በእሳት ካልሞተ በሽታው አይቆምም ብሎ ሐኪሙ ያዘዘው ነው። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ስለነበር ያለምወርቅ መዲናን ያየቻት በርሜሉ አጠገብ ከደረሰች በኋላ ነው። መዲና ልብስ በእንጨት ታገላብጣለች።

«ባልሽ ዛሬም ጠጣ አሉ» አለች ያለምወርቅ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«የኔው ስሜን ረሳው።»

መዲና እንጨቱን አቆመችው። «እቴ፣ እኔ ከቀኝ አስተኙልኝ አላልሁም። ስደርስ እዚያው ተኝቶ ነው ያገኘሁት።»

«አላልሽም።»

«ታዲያ ስለምን እንደ ሌባ ታዪኛለሽ?»

«ሌባስ ብትሆኚ እጮህ ነበር። ለሌባ ኡኡ ይባላል፤ ላንቺ ምን እንደሚባል አጣሁ።»

ውሃው ይንፈቀፈቃል። መዲና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«የአብዱልቃኒን እጅ አይተሽዋል? ሞፈር ጨብጦ አያውቅም። ትናንት ትኩሳቱ መለስ ሲልበት በሬ ሲነዳ ዋለ። ጉራቻ ማነው?»

ያለምወርቅ የያዘችውን ልብስ አልጣለችም፤ እጇ ውስጥ ጨመቀችው። «በሬያችን ነው።»

«ያነክሳል?»

«በግራ እግሩ። ድንጋይ መትቶት።»

«እሱም በግራ እግሩ ነው ያለው። አይዞህ እያለ እግሩን የሚያሽለት ይመስል እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ሲያመላልስ ዋለ።»

ሙላት በትኩሳቱ ስለ ጉራቻ እግር ማውራቱ አይቀርም፤ ሁለት በሽተኞች ፊት ለፊት ተኝተው አንዱ ያለውን ሌላው ቢደግመው የሚደንቅ ነገር የለውም። ሁለቱ ሴቶች ግን በዚያ ጉም ውስጥ ቆመው ይህን አላሰቡም። ያሰቡት አንድ ሰው ከሌላው ሰው እየተቀዳ መሆኑን ነው።

«እንዲድንልኝ እፈልጋለሁ» አለች መዲና። «የሰው ነፍስ ለብሶ ቤቴ እንዲገባ ግን አልፈልግም። ልጆቹ ምን ብለው ያቅፉታል?»

ሁለቱም ወደ እማሆይ ወለተ ኪዳን ሄዱ። እማሆይ የወንድማቸውን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ እየነኩ ሰሟቸው።

«ጭዳ የሚሆነው ባዕድ ነው» አሉ። «የራሱን ልጅ ጭዳ የሚያደርግ አባት የለም፤ ቢልም ነገሩ አይይዝለትም። እንግዲህ ባዕድ እንዳይሆን ማድረግ ነው።»

«እንዴት አድርገን?»

«ጡት ይጥባ። በአገራችን ሰውና ሰው የሚዛመደው እንዴት ነው? ታላቁ አውራ ጣቱን ማር ይቀባል፤ ታናሹ ይጠባዋል። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ናቸው።»

«እማሆይ፣ እሱኮ እስላም ነው» አለች ያለምወርቅ መዲናን በዓይኗ ይቅርታ እየጠየቀች።

«የሚጠባው ማር ነው። ሥጋ ቤት አልላክሁት።»

መዲና ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ማሩን ከስንቃቸው ውስጥ ያወጣው አንድ የቀኝ ረድፍ በሽተኛ ወንድም ነው። ቀትር ላይ ሐኪሙና አስተርጓሚው ለምሳ ሲሄዱ ሙላትን በጋቢው ይዘው አሻግረው አብዱልቃኒ አልጋ ጫፍ ላይ አስደገፉት። አብዱልቃኒ አእምሮው ሙሉ ነበር። የፈለጉትን ሲነግሩት መጀመሪያ ጣሪያውን አየ፤ ቀጥሎ ሙላትን ከራሱ እስከ እግሩ አየው።

«በዚህ ዕድሜዬ ጺማም ልጅ ትሰጡኛላችሁ?» አለ። «ደግነቱ ዳሩኝ አይለኝም።»

«ሚስትስ አለው» አለች ያለምወርቅ።

«እንግዲያ ምራት አተረፍሁ።» ከዚያ ቀልዱን ተወ። አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነከረና ወደ ሙላት አፍ አስጠጋ። «ልጄ ነህ። ያለኝ ያለህ ነው። የጎረስሁትን ትጎርሳለህ።»

ሙላት ዓይኑን አልገለጠም። ከንፈሩ ግን ጣቱን ሲያገኝ ያዘው፤ በጣም ይዞ ስለቀረ አብዱልቃኒ ቀስ ብሎ ስቦ አስለቀቀው። ጣቱ ላይ የጥርስ ምልክት ታየ። የተኙት ሁሉ፣ የነቁም ያልነቁም፣ ፊታቸውን ወደ መተላለፊያው መልሰው እንደነበር ሰዎች በኋላ ተናግረዋል።

በማግሥቱ ሐኪሙ ቀዩን ክኒን ለአብዱልቃኒ ሰጠውና አለፈ። አብዱልቃኒ ጉንጩ ውስጥ አቆየው። ሐኪሙ ወደ ሌላ አልጋ ሲዞር አውጥቶ በጥርሱ ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹን ለመዲና ሰጣት። «ለልጁ አድርሽለት፤ አባት ለብቻው አይጎርስም» አላት። ያለምወርቅም ነጩን ገምሳ ግማሹን ለአብዱልቃኒ ላከች። ማንም አላዘዛቸውም። ቃል ገብተው ነበርና ቃሉ የሚለውን አደረጉ።

ነገሩ እየቆየ ወደ ሌሎቹ አልጋዎች ተሻገረ። ማሩ ሲያልቅ በስኳር፣ ስኳሩ ሲያልቅ በጨው ተዛመዱ። እማሆይ ከአልጋ ወደ አልጋ እየተዘዋወሩ ማን የማን አባት መሆኑን ይወስኑ ነበር። «አንተ ታላቅ ነህ»፣ «አንተ ለዚህኛው ታንሳለህ» ይላሉ፤ በሽተኞቹም ይስቃሉ። ትይዩዎች ስማቸውን ተጠያየቁ። ሰው ሲያቃስት ከማዶ «አይዞህ ልጄ» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር።

ቀዩ ምልክት መጀመሪያ የታየው ሙላት ጋቢ ላይ ነው። ሐኪሙ ከብብቱ ዘንጉን ሲያወጣ አየው። ጋቢውን ገለጠ፤ አሸተተው፤ ቢተውን አንድ ነገር ጠየቀው። ቢተው ትከሻውን ነቀነቀ። ሐኪሙ ከአልጋው ሥር የሽንት ዕቃውን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። የፈዘዘ ቀይ ነበር። ለዚህ ሰው አንድም ጊዜ ቀይ መድኃኒት አልሰጠውም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የግራውን ረድፍ ዕቃ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ይወስድ ጀመር። ቀዩ በአንዱ አልጋ፣ ቀጥሎ በሌላው እየታየ ሄደ። የግራዎቹ እየቀላ፣ የቀኞቹ እየፈዘዘ፣ ሁለቱ ረድፎች ወደ አንድ መልክ ተጠጉ። ሐኪሙ ለግራዎቹ ነጩንም ከለከላቸው፤ ቀዩ አልቆመም። ክኒኑን በገዛ እጁ ማጉረስ ጀመረ፤ ቀዩ አልቆመም። ዘንጉን ቀየረ። አንድ ቀን የመጨረሻውን ዕቃ መስኮቱ ላይ አስቀምጦ፣ መተላለፊያው መካከል ቆሞ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሲያይ፣ እጁ ወደ ግንባሩ ሄዶ አማተበ። ያየችው ያለምወርቅ ናት። ከዚያ ሁሉ የበለጠ ያስፈራት ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ ቢያንስ አንድ ሰው ነገሩን ያውቀዋል ብላ ታስብ ነበር።

ሞት አልቆመም። አሁን ግን ከሁለቱም ወገን ነው የሚወጣው። የእማሆይ ወንድም አረፈ፤ እማሆይ ማንም ሳያስገድዳቸው ሌሎቹን እየረዱ ቀሩ።

ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ያደረገው ሌላ ሰው ላያደርገው ይችል ነበር። ዘበኛ አላስገባም። ሽጉጡን በር ላይ ትቶ ከቢተው ጋር ገባና ሙላት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ሰው እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ፤ ማንንም አልቀጣም ይላል» አለ ቢተው።

ያለምወርቅ ተነሥታ ነገረችው፤ ስለ ዘንጉ፣ ስለ ጭዳው፣ ስለ ማሩ፣ ስለ ክኒኑ። ቢተው ሲያስተረጉም አንዳንድ ቦታ ላይ ቃል እየጠፋው ይቆማል። ሐኪሙ ዘንጉን ከኪሱ አውጥቶ እንደ አዲስ ዕቃ አየው። ከዚያ ተናገረ፤ ቢተው ተረጎመ።

«መድኃኒቱ አዲስ ነው። ለዚህ በሽታ ይሥራ አይሥራ አይታወቅም። ለማወቅ ብሎ ነው ለግማሾቹ ሰጥቶ ግማሾቹን የከለከለው። አሁን ግን ሁላችሁም ግማሽ ግማሽ ስለ በላችሁ ማወቂያ የለውም፤ ጠፋ ይላል።»

«ለግራዎቹ የሰጠው ነጩ ምን ነበር?» አሉ እማሆይ።

ቢተው አልጠየቀም፤ እሱ ራሱ ያውቅ ኖሯል። «ዱቄት» አለ መሬት መሬት እያየ።

መዲና ከባሏ ራስጌ ሳትነሣ ተናገረች። «አላውቅም ነው ያለው? ቀዩ የሚገድልም ሊሆን ይችል ነበር?»

ሐኪሙ መልሱን በአንድ ቃል ተናገረ።

«ይችል ነበር ይላል።»

«እንግዲያ ጭዳው የትኛው ረድፍ ነበር?»

ይህን ቢተው አላስተረጎመውም። ሐኪሙ ግን የመዲናን ፊት እያየ ነበር።

«ስለምን ቀድሞ አልነገረንም?» አሉ እማሆይ።

«ብነግራችሁ ዱቄቱን ማን ይወስድልኝ ነበር ይላል።»

«እኔ እወስድ ነበር፤ ለወንድሜ። ፈረንጅ ገና የሚሞክረውን ከምውጥ ዱቄቱ ይሻለኛል። ግን ማን ጠየቀኝ?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ሳቁ ቶሎ ሞተ። ሐኪሙ የቀረውን ቀይ ክኒን በሰሃን አድርጎ አልጋው ላይ አኖረው። የሚፈልግ ይውሰድ፤ የማይፈልግ ይተው፤ ማንም አይገደድም አለ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ፈቃዳቸው ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው። ሰሃኑ እዚያው ተቀመጠ። ማንም እጁን አልዘረጋም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቆየ።

አብዱልቃኒ ትኩሳቱ ተመልሶበት ከጠዋት ጀምሮ አልተናገረም ነበር። ሙላትም ራሱን አላወቀም። ሁለቱ ሴቶች በሰሃኑ ወዲያና ወዲህ ቆሙ።

«አንቺ ተናገሪ» አለች መዲና።

«አባቱ የወሰደውን ይውሰድ።»

«እኔ ላይ አትጣይው።»

«አልጣልሁትም። ባልሽ ያለኝ ያለህ ነው ብሎታል። ብትወጂ ውሰጂ፣ ብትወጂ ተዪው፤ እኔ አልለይም።»

መዲና ሰሃኑን ብዙ አየችው። አንድ ክኒን አንሥታ በጥርሷ ከፈለችው። «እሱ እንደ ጀመረው ይሁን» አለች፤ ግማሹን ለአብዱልቃኒ በውሃ አስዋጠችው፣ ግማሹን ለያለምወርቅ ሰጠቻት።

ጎህ ሲቀድ አብዱልቃኒ አረፈ። ሙላት በዚያው ሰዓት ላብ አጥምቆት ትኩሳቱ ለቀቀው። እንደ መጀመሪያዎቹ ቀናት ሆነ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ቀና አለ። በሁለቱም ረድፍ ያሉት ሰዎች ያለምወርቅን ላለማየት ዓይናቸውን ወዲያና ወዲህ አደረጉ። የከተማው እስላሞች ተፈቅዶላቸው መጥተው አብዱልቃኒን አጥበው ቀበሩት።

መዲና ሐኪሙ እስኪያሰናብታት ድረስ መውጣት አትችልም ነበር። ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ ሙላት ነው። ስትሰግድ ካልሆነ በቀር ዓይኗን ከሱ አታነሣም። ሲበላ ታየዋለች፣ ሲያንቀላፋ ታየዋለች። ጥላቻ አልነበረም። በሩቅ የሚመጣ ሰው ማን እንደሆነ ለመለየት እንደምትጥር ሴት ነበር የምታየው። ያለምወርቅ ዞር በይልኝ ልትላት አልቻለችም።

ሙላት አእምሮው በተመለሰ ቀን ዓይኑን ገለጠና ቀጥ ብሎ ወደ ማዶ አየ። «መዲና፣ ውሃ» አለ።

መዲና ተነሣች። ማሰሮውን አንሥታ ቀዳችለት፤ ጽዋውን እስኪጨርስ ያዘችለትና ወደ ውጭ ወጣች። ያለምወርቅ በእጇ ሌላ ጽዋ ይዛ ቆማ ቀረች።

«ሰውየው መዲና መዲና ሲል በተኛበት ሲሰማ ነው የሰነበተው» አላት ቢተው ነገሩን ሲሰማ። «ምን ይገርማል?»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ምነው ትንቀጠቀጫለሽ?»

«ማወቅ ብርድ ያስጥላል እንዴ?»

በመስከረም በሽታው ለቀቀ። ሐኪሙ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ በቅሎዎቹ ወደ ጋጣቸው ተመለሱ። ቀዩ መድኃኒት ያድን ወይም ይግደል ያወቀ የለም።

ያለምወርቅ ሙላትን ደግፋ ከግቢው ስትወጣ መዲና የባሏን በቅሎ ጭና ዳገቱ ሥር ቆማ አገኘቻት።

«ጉንደ ወይን ለዘመዶቹ ቃል ልኬአለሁ» አለች መዲና። «ልጅ ትቶ ነው የሞተው ብያለሁ። ለቅሶው ላይ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።»

«ባሌን ልትወስጂው ነው?»

«ልጄን ነው።» ድምፅዋ አልከረረም። «እማሆይ ጡት ይጥባ ሲሉ አንቺም እሺ ብለሻል እቴ።»

ያለምወርቅ ሙላትን አየችው። ስለ ማሩም ስለ ሌላውም ነግራዋለች። አሁን እጁ ኮርቻው ላይ ነው። እሷ ያን ዝምድና የፈለገችው ሰውዬው በሷ ባል እንዳይድን ነበር። ባሏ በሰውዬው ዳነ፤ ዝምድናው ግን አለ።

«እንግዲያ አብሬ እሄዳለሁ» አለችና ልጓሙን ያዘች።

መንገዱ ሙላት ሄዶበት የማያውቀው ነው። ከደብረ ማርቆስ ወዲያ በዚያ ወገን እግሩን አላሳለፈም። በሦስተኛው ቀን ጉም እንደ ወደቀ አንድ ወንዝ ዳር ደረሱ። መዲና ያን ወንዝ የምታውቀው በበጋ ነው፤ አሁን ሞልቶ የመሻገሪያው ድንጋዮች አይታዩም። ወዲህ ሄደች፣ ወዲያ ሄደች፣ እርግጠኛ ልትሆን አልቻለችም።

«እዚህ ጋ አይደለም» አለ ሙላት ከበቅሎው ላይ። «ከሾላው በላይ ነው። ታችኛው ሰው ይበላል።»

ከቆሙበት ሾላ አይታይም ነበር። ሙላት ልጓሙን ከያለምወርቅ እጅ ቀስ ብሎ ወሰደና በቅሎዋን ወደ ላይ መለሳት። መዲና ከኋላው ሄደች። ጥቂት እንደ ሄዱ ሾላው ከጉሙ ውስጥ ወጣ።

ያለምወርቅ ማን እንደ ነገረው አልጠየቀችውም። ቀሚሷን ሰብስባ ከበቅሎዋ ኋላ ገባች። ውሃው ከጉልበቷ አላለፈም።